መምሬ ፈንታ የፈረሙበት ወረቀት

ላሊበላ ውስጥ እኔን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ትናንት የገባ ነው፣ ወይ ባዶ እግሩን የሚሄድ ነው። ደርበው እባላለሁ። ሥራዬ ጫማ መጠበቅ ነው። መሳቅ የፈለጋችሁ አሁኑኑ ሳቁና ጨርሱ። ቱሪስቱም ተሳላሚውም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊገባ ጫማውን ሲያወልቅ የሚያስረክበው ለኔ ነው። መቶ ጥንድ ቢደረደር አንድ ቀን እንኳ ተምታቶብኝ አያውቅም። በስድስት ቋንቋ «ጫማዎ እዚህ አለ» ማለት እችላለሁ፣ በሰባተኛው ደግሞ «ምነው ረሱኝ?» ማለት እችላለሁ። ትምህርቱን አምስተኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት። ማንበብ ግን አያቅተኝም፣ ፊደሎቹ ካልቸኮሉ።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ እንድታውቁት ነው። እኔ የማላውቀው ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

አባቴ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። መንገድ ዳር ያለችውን ቤታችንን በገዛ እጁ ነው የሠራት። ፊት ለፊት አንዲት ክፍል አለች፣ በሯ ወደ መንገዱ የሚከፈት። ከኋላ ሁለት ክፍልና ጓሮ። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፣ ስለዚህ በዚያች ቤት እኔና አባቴ ብቻ ነበርን። ከእናቴ በፊት ግን አባቴ ጋሸና ላይ ሌላ ሚስት ነበረችው፣ ከሷም አንዲት ልጅ ወልዷል። የሻረግ ትባላለች። በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። ጋሸና መገንጠያው ላይ ለመኪና ሹፌሮች ምግብ ትሠራለች። ዓመት በዓል ሲሆን አባቴን ልትጠይቅ ትመጣ ነበር። እሷ ስትገባ እኔ እወጣ ነበር። ጠብ የለንም። ዝም ብሎ የማታውቀውን ሰው እህትህ ናት ሲሉህ የምትሆነው ነገር ይጠፋሃል።

አባቴ ታሞ ሲተኛ የነፍስ አባታችን መምሬ ፈንታ መጥተው አናዘዙት። በኛ አገር ሰው ሊሞት ሲል ጠበቃ አይጠራም፣ ቄስ ነው የሚጠራው፣ ለነፍሱም ለንብረቱም። ለቄስ የተነገረ ቃል እንደ ተጠረበ አለት ነው የሚታየው፣ የሚያነቃንቀው የለም። የነፍሱን ነገር ለብቻቸው ጨርሰው ወደ ንብረቱ ሲመጡ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አባቴ በቀጭን ድምፅ «ቤቱን ለደርበው» ሲል በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቀጥሎ ያለውንም ሰምቻለሁ። እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ኅዳር ሲገባ ሞተ። ተዝካሩን አወጣን። ከዚያ መጥሪያ መጣ። የሻረግ ለወረዳው ፍርድ ቤት «የሟች ልጅ ነኝ፣ ከወንድሜ ጋር እኩል ወራሽነቴ ይረጋገጥልኝ» ብላ አመልክታለች። መጥሪያውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ሁለተኛ ተሳደብኩ፣ ሦስተኛው ላይ ምን እንደሚል ገባኝ።

ማንንም አላማከርኩም። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ አንድ ራፖር ጻፊ ነበር፣ በቀጥታ እሱ ጋ ሄድኩ። አባቴ ለነፍስ አባቱ ተናዝዞ ቤቱን እንደሰጠኝ ነገርኩት። ቃል ነው ወይስ ወረቀት ብሎ ጠየቀኝ። ቃል ነው አልኩት። ዳኛ ቃል መዝገብ ውስጥ አይከትም አለኝና በብዕሩ ጆሮውን እያከከ ትንሽ ቆየ። ከዚያ፣

«የተባለው እውነት ከሆነ ወረቀት ላይ ማስፈር ምን ኃጢአት አለው?» አለኝ።

እኔም ምንም አልኩ። እንዲያውም እንደኔ ያለ ብልህ ሰው ያገኘሁ መሰለኝ።

እኔ ነገርኩት፣ እሱ ጻፈ። ቀኑን ጥቅምት አሥራ ዘጠኝ አደረገው፣ አባቴ ከመሞቱ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀደም እንዲል። አራት ምስክር ያስፈልጋል አለኝ። አንዱ ባጃጅ ነጂው ጓደኛዬ ካሳ ሆነ። ሁለቱ የሰፈር ጎረምሶች ናቸው፣ ጠላ ቤት ውስጥ ነው የፈረሙት። አንደኛው ኑዛዜ መሆኑንም አልጠየቀ፣ የእግር ኳስ ቡድን ምዝገባ መስሎት ነው። ከአባቴ ስም ስር የሚታየውን የጣት አሻራ ደግሞ ያተምኩት እኔ ነኝ፣ በራሴ አውራ ጣት። አውራ ጣት ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር።

አራተኛው ምስክር መምሬ ፈንታ ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፣ ዳዊቱን በቃላቸው ነው የሚደግሙት። ወረቀቱን ይዤ ቤታቸው ሄድኩና፣ የአባቴን ቃል ለፍርድ ቤት አስጽፌዋለሁ አልኳቸው። አንብብልኝ አሉ። አነበብኩላቸው። ማለት፣ ወረቀቱን ፊቴ ዘርግቼ የአባቴን ቃል ሙሉውን፣ በበሩ ላይ ቆሜ እንደሰማሁት አልኩላቸው። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን ሙሉው አልነበረም። «እውነት ነው፣ እንዲሁ ነው ያለው። ነፍሱን ይማር» ብለው እጃቸውን ይዤ ባሳረፍኩላቸው ቦታ ፈረሙ።

ወረቀቱ ከመልሴ ጋር ተያይዞ መዝገብ ውስጥ ገባ። ምስክር የሚሰማበት ቀጠሮ ለሐሙስ ጠዋት ተቆረጠ። እስካሁን ያወራሁላችሁ መንገዱን ነው። ዋናው ነገር ረቡዕ ጠዋት ይጀምራል።

ረቡዕ ጠዋት ካሳ፣ ሴትዮዋ ጠበቃ ይዛ ብትመጣስ አለኝ። እኔ እንኳ አልፈራሁም፣ ግን ለድምቀት ያህል ጠበቃ ቢኖረኝ ምን ይከፋል ብዬ አሰብኩ። ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ አቅም የሌለው ሰው በነጻ የሕግ ምክር የሚያገኝባት ጠባብ ክፍል አለች። እዚያ ገባሁ። አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጣለች፣ ትዕግስት ትባላለች። እኔ ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ ጫማውን ነው የማየው። ጥቁር፣ ተረከዘ አጭር፣ በአንድ ጎኑ የተበላ፣ አቧራ የለበሰ። በእግሩ ብዙ የሚሄድ ሰው ጫማ ነው። ይቺ ልምድ የላትም፣ እኔ እየነገርኳት ትሠራለች ብዬ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የጠየቀችኝ የተከራካሪዬን ስም ነው። እሷን ቀድመን ረድተናት ከሆነ አንተን መርዳት አልችልም አለችኝ። መዝገቧን አገላብጣ አየች፣ የሻረግ የለችበትም። ከዚያ የወረቀቱን ቅጂ ተቀብላ ማንበብ ጀመረች። ቀስ ብላ ነው የምታነበው። እኔ ብቻ ነኝ ቀስ ብዬ የማነብ ይመስለኝ ነበር።

«ይሄ ኑዛዜ ሲነበብና ሲፈረም እነማን ነበሩ?» አለችኝ።

«አራቱም ምስክሮች ነበሩ። መምሬ ፈንታ ከራስጌ፣ ካሳ ከግርጌ፣ ሁለቱ ደግሞ በሩ ጋ።»

«አንተስ?»

«እኔማ የት እሄዳለሁ? አባቴ እኮ ነው።»

«ጥቅምት አሥራ ዘጠኝ ምን ነበር?»

«ሐሙስ መሰለኝ።»

«የሳምንቱን ቀን አይደለም የጠየቅኩህ» አለችና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «እኔ እዚሁ አቅራቢያ የኮን ልጅ ነኝ። እናቴ በየዓመቱ ጥቅምት አሥራ ዘጠኝ ስንቋን ቋጥራ የምትሄድበት ቦታ አለ። መምሬ ፈንታስ ያን ቀን የት ነው የሚውሉት?»

እናንተ የሌላ አገር ሰዎች ላይገባችሁ ይችላል። ጥቅምት አሥራ ዘጠኝ የይምርሐነ ክርስቶስ ንግሥ ነው። መምሬ ፈንታ ያን ቀን ከከተማው ርቆ ዋሻ ውስጥ ካለው ቤተ ክርስቲያኑ ቀርተው አያውቁም፣ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ እንኳ ሰው እየመራቸው ይሄዳሉ። የላሊበላ ሰው ሁሉ ያየው ነገር ነው። ይባስ ብሎ እኔ ራሴ እዚያ ነበርኩ፣ ጎረቤት አባቴን እያየልኝ ጫማ ልጠብቅ ሄጄ። ካሳም አብሮኝ ነበር። ራፖር ጻፊው ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነው፣ አያውቅም። የማውቀው እኔ ነበርኩ። ቀኑ ሲጻፍ ግን እኔ የማስበው ቤቱን ብቻ ስለነበር ጆሮዬ አጠገብ አለፈ።

ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። እኔ ቀልድ አጥቼ አላውቅም።

ትዕግስት አልተቆጣችም። እንዲህ ባለ ወረቀት አጠገብ አልቆምም፣ አንተን ግን ልረዳህ እችላለሁ አለችኝና ነገሩን አፍታትታ ነገረችኝ። ለነፍስ አባት ብቻ የተነገረ ቃል ቤት እንደማይሰጥ። ኑዛዜ ሲጻፍ ተናዛዡ በሕይወት ሳለ፣ እሱና አራት ምስክሮች አብረው ባሉበት ተነቦ እዚያው እንደሚፈረም። ያ ከሌለ ልጆች እኩል እንደሚወርሱ። ከዚያ፣

«ግማሹ ያንተ ነው። ማንም አይወስድብህም። ግማሹን ለማግኘት ደግሞ ወንጀል አያስፈልግህም ነበር» አለችኝ።

«ቤቱ እኮ በእውነት ለኔ ነው የተባለው» አልኳት።

«ይሁን። ነገ የመጀመሪያው ምስክርህ ማን ናቸው?»

«መምሬ ፈንታ።»

«መስቀል ይዘው ነው የሚምሉት። በዚህ ቀን አባትህ አልጋ አጠገብ ነበሩ ተብሎ ይጠየቃሉ። ነበርኩ ካሉ በሐሰት መሰከሩ። አልነበርኩም ካሉ ታዲያ ለምን ፈረሙ ይባላሉ። ሁለቱም መንገድ ወደ ፖሊስ ነው የሚወስዳቸው።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እስር ቤት ሲባል የሚታየኝ ራሴ ነበርኩ፣ ያውም እስረኞቹን እያሳቅኩ። አሁን ግን መምሬ ፈንታ ታዩኝ፣ ፖሊስ ክንዳቸውን ይዞ የፍርድ ቤቱን ደረጃ እያስወረዳቸው። ያን ጊዜ የጣቱንም ነገር ነገርኳት። ብዕሯን አስቀመጠች። አሻራ ይመረመራል፣ የማን እንደሆነ ይታወቃል አለችኝ። ነገ ምስክር ከመጠራቱ በፊት ራስህ ተነስተህ ወረቀቱን አውጣ፣ አጠገብህ እቆማለሁ፣ ጥፋቱ ይሰረዝልሃል ግን አልልህም አለች። ጠበቃ ማለት ጮክ ብሎ የሚከራከር ሰው ይመስለኝ ነበር። ይቺ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ አሸነፈችኝ፣ ያውም የኔ ወገን ሆና።

ከሰዓት በኋላ መምሬ ፈንታ ጋ ሄድኩ። ከድንጋዩ አጥር ስር ፀሐይ እየሞቁ ለጧፍ የሚሆን ክር ይገምዳሉ። ጉልበታቸውን ሳምኩ።

«ይፍቱኝ መምሬ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ። ምነው ድምፅህ? ዛሬ ጨዋታ የለም እንዴ?»

የቀኑን ነገር ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። እኔ በይምርሐነ ክርስቶስ ንግሥ ላሊበላ? ብለው በጣም ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

«እስቲ ያን ወረቀት አንብብልኝ» አሉ።

«አንብቤልዎት የለም እንዴ መምሬ?»

«አሁንም አንብብልኝ።»

ቅጂው ኪሴ ውስጥ ነበር። እንደ መጀመሪያው ከአፌ አውጥቼ ማነብነብ እችል ነበር፣ አያዩም። ግን አቃተኝ። ወረቀቱን ዘርግቼ ፊደል በፊደል ያለውን ብቻ አነበብኩ። «ቤቴን ሙሉ በሙሉ ለልጄ ለደርበው ሰጥቻለሁ» የሚለው ጋ ስደርስ ቆምኩ።

«ቀጥል» አሉኝ።

«አለቀ።»

ክሩን የሚገምደው እጃቸው ቆመ።

«የሻረግስ?»

«የለችም መምሬ።»

አሁን ልንገራችሁ። አባቴ ያለው «ቤቱን ለደርበው። ሻሼን ግን ከደጄ እንዳትከለክሏት፣ የፊተኛዋ ክፍል የሷ ናት» ነው። የሻረግን ሻሼ የሚላት እሱ ብቻ ነበር። ለመምሬ ያነበብኩት ይህን ነበር። ለራፖር ጻፊው የነገርኩት ግን የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ነው።

መምሬ ክሩን ጠቅልለው ጎናቸው አስቀመጡት። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ፣ ሳላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ ይኸ የኔ ዕዳ ነው አሉ። የለም የኔ ነው ብዬ ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ።

«አባትህ የሁለት ልጅ ነገር ነው አደራ ያለኝ፤ አንተ አንዷን ከአፉ ነጥቀሃል። ነገ እመጣለሁ። መጀመሪያ አንተ ተናገር። ከተናገርክ ምስክርህ ነኝ። ዝም ካልክ ከሳሽህ ነኝ።»

ሐሙስ ጠዋት ፍርድ ቤቱ ግቢ ስደርስ ካሳ ስልኩን ዘግቷል። ሁለቱ ጎረምሶችም የሉም፣ አንደኛው ሰቆጣ ዘመድ ሞቶበት ሄዷል ተባለ። ዘመድ እንዳለው ያወቅኩት ያኔ ነው። የሻረግ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከጋሸና መጥታ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ጠበቃ የላትም። የለበሰችው ሹራብ ነው፣ ጫማዋ ላይ የዘይት ጠብታ አለ፣ ሥራ ላይ እንዳለች ተነስታ የመጣች ትመስላለች።

«እንደምን አደርክ ደርበው» አለችኝ።

እዚያው ልነግራት ፈለግኩ። አፌን ከፈትኩና፣ «መንገዱ እንዴት ነበር?» አልኳት።

«ደህና ነው። ብርድ አለው።»

ይሄው ነው። በስድስት ቋንቋ የሚያወራው ሰው።

ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነው። ሰው ሞልቷል፣ ከነሱም ውስጥ የሚያውቁኝ ሁለት አስጎብኚዎች አሉ። ዳኛው ቀጭን ሰው ናቸው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚያደርጉ። ስሜን ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ሥራ ሲሉኝ ልማድ ሆኖብኝ «የውጭ አገር ሰው ጫማ ኃላፊ» አልኩ። ሰው ሳቀ። ዳኛው ጥያቄውን እንዳለ ደገሙት። ጫማ ጠባቂ ነኝ አልኩ። ጸሐፊዋ ጻፈችው።

«የመልስ ሰጪ ምስክሮች ቀርበዋል?» አሉ ዳኛው።

መምሬ ፈንታ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሱ። ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፣ እንደማያዩኝ አውቃለሁ። እየጠበቁ ነው። ትዕግስት አጠገቤ ወረቀቷን ይዛ አቀርቅራለች፣ አትገፋኝም፣ አትጠቅሰኝም። ያን ጊዜ ሁለት ነገር ብቻ ነበር የሚታየኝ፣ አባቴ የጠረባት ቤትና የመምሬ ዓይን። ዳኛው መምሬን ቀረብ ይበሉ ሲሏቸው ተነሳሁ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ያ ወረቀት ይውጣልኝ። ሐሰት ነው።»

«ምኑ ነው ሐሰት?»

«ቀኑም፣ ምስክሮቹም። ጣቱ የኔ ነው። መምሬ ፈንታ አያዩም፣ ሌላ ነገር አንብቤ ያስፈረምኳቸው እኔ ነኝ።»

ጸሐፊዋ መጻፍ አቁማ ቀና አለች፣ ከዚያ በፍጥነት መጻፍ ያዘች። ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። የተናገርከው ምን ማለት እንደሆነ ገብቶሃል ወይ አሉኝ። ገብቶኛል አልኩ። ትዕግስት ቆመች። ሰነዱን ከመዝገቡ እንዳነሳሁ፣ የሻረግ የአባቴ ልጅ መሆኗን እንደማልክድ፣ በስምምነት ለመጨረስ ጊዜ እንዲሰጠን አስረዳች። ዳኛው ሰሟት። ከዚያ፣ ሰነዱ ከክርክሩ ወጣ ማለት ጠፋ ማለት እንዳልሆነ፣ ለዐቃቤ ሕግ እንደሚላክ ተናገሩ። ሳላስበው ተቀመጥኩ። ተነስ አሉኝ። ተነሳሁ።

ወደ የሻረግ ዞረው የምትይው አለ ወይ አሏት። እርግማን ጠብቄ ነበር። ይገባኝም ነበር። እሷ ግን ወደ እኔ አላየችም።

«መምሬን አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች። ተፈቀደላት።

«አባቴ ሲናዘዝ ስሜን አንስቷል?»

«አንስቷል» አሉ መምሬ።

«ምን ብሎ?»

«ሻሼን ከደጄ እንዳትከለክሏት፣ የፊተኛዋ ክፍል የሷ ናት ብሎ።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ተቀመጠች። በቀብሩ ቀን እንኳ እንዲያ ስታለቅስ አላየኋትም። ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። የመጣችው ቤት ልትካፈል ብቻ ነበር የመሰለኝ። ልትካፈልም ነው የመጣችው፣ እውነቱን ለመናገር። ግን ያን ሁሉ ዓመት በዓል ደጃችን ላይ እንደ እንግዳ ስትቀመጥ፣ ልጄ ናት ተብላ ስትጠራ ሰምታ አታውቅም። አባቴ መጨረሻው ላይ ጠርቷታል። ያን ቃል ለወራት በኪሴ ይዤ የዞርኩት እኔ ነኝ። ክፍሏንማ ሕጉ ያስመልስላታል። ይህን ግን መምሬ ባይኖሩ ከማን ትሰማው ነበር?

ዳኛው እስከ ከሰዓት ጊዜ ሰጡን። ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ስር ተቀመጥን፣ ትዕግስት፣ መምሬ፣ እሷና እኔ። እኔ ለጋስ መስዬ፣ አባቴ እንዳለው የፊተኛዋ ክፍል ትሁንልሽ አልኳት። ትዕግስት ወዲያው ገባችና፣ በሕጉ ግማሽ እንደሚደርሳት፣ ከዚያ ያነሰ እንድትቀበል ማንም እንደማያስገድዳት፣ ጠበቃ ከፈለገች ሌላ ሰው እንደምታገናኛት ለየሻረግ ነገረቻት። የኔ ጠበቃ ናት ወይስ የሷ? ብዬ ነበር በሆዴ።

የሻረግ አሰበች።

«አባቴ ያላትን ክፍል እወስዳለሁ» አለች። «ጓሮውንም ግማሹን። ማጀት ያስፈልገኛል። ስሜን ስላነሳ ብቻ አልሞኝልህም።»

መምሬ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ መታ አድርገው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። «እሺ እትዬ» አልኳት። እትዬ ስላት የመጀመሪያዬ ነው፣ እሷ ልብ አላለችውም ወይም ያላለች መሰለች። ትዕግስት ስምምነቱን ጻፈችና ሁለት ጊዜ ጮክ ብላ አነበበችልን። ልንፈርም ስንል መምሬ፣ ቆዩ፣ አሁንም አንድ ጊዜ አንብቢልኝ ልጄ አሏት። ሦስተኛ ጊዜ አነበበችው። ከሰዓት ዳኛው አጸደቁት።

ዐቃቤ ሕግ ኋላ ጠርቶ ቃሌን ተቀበለኝ። መምሬንም ጠየቋቸው፣ እንደተታለሉ ተረድተው አሰናበቷቸው። እኔን ምስክር ሳይሰማበት ራሴ ማውጣቴን አይተው በማስጠንቀቂያ ለቀቁኝ። ይሄ ለሁሉም ሰው የሚሆን እንዳይመስላችሁ። እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ስጠብቅ፣ ከኔ ባነሰ ወረቀት የታሰረ ሰው ታሪክ ሰምቻለሁ። ራፖር ጻፊው ጥላውን አጥፎ ከተማ ለቀቀ። ካሳ በሦስተኛው ቀን ስልኩን ከፈተ።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ እኔ መካሪ አይደለሁም፣ ጫማ ጠባቂ ነኝ። ግን የደረሰብኝን አውቃለሁ። አባትና እናት ያላችሁ፣ በሕይወት ሳሉ፣ አእምሯቸው ሳለ፣ የሚሉትን በደንብ አስጽፉ፣ አራት ሰው ባለበት፣ ሁሉም እየሰማ። የነፍስ አባት ለነፍስ ነው፣ ቤቱን እሳቸው ላይ አትጫኑባቸው። መጥሪያ ሲመጣባችሁ በር ላይ ካለው ጥላ በፊት ግቢ ውስጥ ያለችውን ክፍል ጠይቁ፣ በነጻ ነው፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። እኔን ያሳፈረኝ አለመጠየቄ ነው። ደግሞ አንብቡልኝ የሚላችሁ ሰው ካለ ያለውን አንብቡለት። አሁን ሰው ደብዳቤ ሲያስነብበኝ ቀስ እላለሁ፣ ይሳቁብኝ።

እትዬ የፊተኛዋን ክፍል ምግብ ቤት አደረገቻት። የጋሸናውን ለሌላ ሰው ሰጥታ መጣች። ምሳ እሷ ጋ ነው የምበላው፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ። መምሬ ፈንታ ጾም ሲፈታ ይመጣሉ፣ በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። ተፋቅረን ተቃቅፈን እንኖራለን አልላችሁም። ስለ ጓሮው አጥር በሳምንት አንዴ እንጨቃጨቃለን፣ እሷም እኔም የአባታችን ልጆች ነን፣ ድንጋይ ነን።

የወራሽነት ማረጋገጫው በሳምንቱ ወጣ። ማኅተም አለው። የወራሾች ዝርዝር ይልና ተራ ቁጥር አንድ የሻረግ፣ ተራ ቁጥር ሁለት ደርበው ይላል። ትምህርት ቤት ሳለሁ ከሃምሳ ተማሪ አርባ ስምንተኛ ነበር የምወጣው። በሕይወቴ ሁለተኛ የወጣሁበት ወረቀት ይሄ ብቻ ነው። በመስታወት አስደርጌ ግድግዳዬ ላይ ሰቅየዋለሁ። ቤቴ የገባ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ እነግረዋለሁ። አንደኛ የወጣችው እህቴ ናት።